ሁለት ፓላ ዘይት
በጉፕታ ነገሥታት ዘመን በጥንታዊቷ ህንድ የነበሩ የሙያ ማህበራት ታሪክ

የህብረት ሥራ ማህበራት ታሪክ በተነሳ ቁጥር በአብዛኛው የሚጠቀሰው በ1844 በእንግሊዝ ሀገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ያቋቋሙት የሸማቾች ማህበር ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የህብረት ሥራ ማህበራት የሚመሩባቸው መርሆዎች በአብዛኛው ከዚያ የተቀዱ በመሆናቸው ይህ መጠቀሱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ሙያ ሰዎች ተሰባስበው ደንብ ማውጣት፣ መሪ መምረጥ፣ የጋራ ገንዘብ መያዝና የሌላ ሰው አደራ መቀበል የጀመሩት ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ከእነዚህ ጥንታዊ ማህበራት መካከል የጽሑፍ ማስረጃ በብዛት የተገኘላቸው በህንድ ሀገር የነበሩት ሲሆኑ በተለይ በጉፕታ ነገሥታት ዘመን የነበራቸው አሠራር ለዛሬው ማህበርተኛም ብዙ የሚነግረው ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉፕታ መንግሥት በአጭሩ

የጉፕታ ሥርወ መንግሥት ኃያል መሆን የጀመረው በሰሜን ህንድ በጋንጅስ ወንዝ ሸለቆ፣ በ319 ዓ.ም. አካባቢ በነገሠው በቀዳማዊ ቻንድራጉፕታ ጊዜ ነው። ዋና ከተማቸው ፓታሊፑትራ ስትሆን ዛሬ ፓትና ተብላ የምትጠራዋ የቢሃር ክፍለ ግዛት ርዕሰ ከተማ ናት። ልጁ ሳሙድራጉፕታ በጦርነት ግዛቱን አሰፋ። የልጅ ልጁ ዳግማዊ ቻንድራጉፕታ ደግሞ ምዕራባዊውን የባህር ጠረፍ ይዞ የንግድ በሮችን ከፈተ። ከእሱ ቀጥለው ቀዳማዊ ኩማራጉፕታና ስካንዳጉፕታ እስከ 467 አካባቢ ገዝተዋል።

ዘመኑን ለማነጻጸር ያህል፣ ሳሙድራጉፕታ በህንድ በነገሠበት በ4ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም የነገሠው ንጉሥ ኢዛና ነበር። ሁለቱ ሀገሮች በባህር ንግድ የሚተዋወቁ ነበሩ። ከጉፕታ ቀደም ብሎ ሰሜን ህንድን የገዙት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ከ100 በላይ ሆነው በ1940 በደብረ ዳሞ ተገኝተዋል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኮስማስ የተባለው ነጋዴም ወደ ስሪላንካ ወደብ ከህንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ መርከቦች እንደሚመጡ ጽፎ ትቷል።

በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ህንድን የጎበኘው ቻይናዊው መነኩሴ ፋሺያን የንጉሡን መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች ከምርታቸው የተወሰነ ድርሻ እንደሚከፍሉ፣ በፓታሊፑትራም ባለጸጎች ባቋቋሟቸው ቤቶች ድሆች ያለ ክፍያ እንደሚታከሙ ገልጿል። የሕግ መጻሕፍት የንጉሡን የምርት ድርሻ በአብዛኛው አንድ ስድስተኛ ያደርጉታል። ታላቁ የሂሳብና የከዋክብት ሊቅ አርያባታ በ499 መጽሐፉን የጻፈውም በዚሁ ሥርወ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነው።

“ሽሬኒ” ምን ነበር?

በጥንታዊው የሳንስክሪት ቋንቋ የሙያ ማህበር “ሽሬኒ” ይባላል። ሸማኔዎች፣ ዘይት ጨማቂዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ነጋዴዎችና ሌሎችም የየራሳቸው ሽሬኒ ነበራቸው። ከጉፕታ ዘመን ብዙ ቀድሞ የተጻፈው የጋውታማ የሕግ መጽሐፍ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ ከብት አርቢዎች፣ ገንዘብ አበዳሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች ለየራሳቸው ወገን ደንብ የማውጣት ሥልጣን እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ደንብ የማውጣት መብት ለገበሬም በሕግ የታወቀለት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንደሆነ መረዳት ይቻላል።

በጉፕታ ዘመንና በዚያ አካባቢ የተዘጋጁት የያጅናቫልክያ፣ የናራዳና የብሪሃስፓቲ የሕግ መጻሕፍት ስለ ማህበራት አሠራር በዝርዝር ጽፈዋል። ከእነዚህ ድንጋጌዎች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ሰዎች በጋራ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መተማመናቸውን በመሐላ፣ በጽሑፍ ውል ወይም በዋስ ማረጋገጥ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ማህበሩን የሚያማክሩ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት ሰዎች ይሾማሉ። እነዚህም ሐቀኞች፣ ራሳቸውን የሚገዙ፣ ሥራውን የሚያውቁ መሆን ይኖርባቸዋል። ሦስተኛ፣ በሽርክና ሥራ ትርፍም ሆነ ኪሳራ ወይም ወጪ የሚከፋፈለው እያንዳንዱ ባዋጣው መጠን ነው። አራተኛ፣ አንድ ሸሪክ ሌሎቹ እየከለከሉት ወይም በቸልተኝነቱ ንብረት ቢያጠፋ ከራሱ ይከፍላል፤ በአንጻሩ የጋራውን ንብረት ከእሳት ወይም ከወንበዴ ያዳነ ሰው ካዳነው ላይ አንድ አሥረኛ ይሰጠዋል።

በጣም ጠንካራው ድንጋጌ የማህበርን ንብረት የሚመለከተው ነው። በያጅናቫልክያ ሕግ መሠረት በማህበሩ ጉዳይ ተልኮ ያገኘውን ነገር ለማህበሩ ያላስረከበ ሰው አሥራ አንድ እጥፍ ይከፍላል። የማህበሩን ሀብት የሰረቀ ወይም የጋራውን ስምምነት ያፈረሰ ደግሞ ንብረቱ ተወርሶ ከሀገር ይባረራል። ንጉሡም ቢሆን የማህበራቱን ደንብ እንዲያከብርና እንዲያስከብር እንጂ እንዳሻው እንዲሽረው አልተፈቀደለትም።

እነዚህ ሁሉ በሕግ መጽሐፍ የሰፈሩ ናቸው። በተግባር እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያሳዩት ደግሞ በመዳብ ሰሌዳና በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ውሎች ናቸው።

የኢንድራፑራ ዘይት ጨማቂዎች

በዛሬው የህንድ ኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት፣ በቡላንድሻህር አውራጃ ኢንዶር በተባለች መንደር አንድ የመዳብ ሰሌዳ ተገኝቷል። በላዩ የተጻፈው በንጉሥ ስካንዳጉፕታ ዘመን በ465 የተደረገ ውል ነው። ያኔ የቦታው ስም ኢንድራፑራ ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በከተማዋ ሁለት ነጋዴዎች ያሠሩት የፀሐይ ቤተ መቅደስ ነበረ። ዴቫቪሽኑ የተባለ ሰው በዚህ ቤተ መቅደስ ሁልጊዜ መብራት እንዲበራ ፈለገ። ገንዘቡን ግን ለቤተ መቅደሱ ካህናትም ሆነ ለመንግሥት ሹም አልሰጠም። የሰጠው ጂቫንታ የተባለ ሰው ለሚመራው የዘይት ጨማቂዎች ማህበር ነው። ማህበሩ ገንዘቡን ተቀብሎ በየቀኑ ሁለት ፓላ ዘይት ለመብራቱ ሊያቀርብ ቃል ገባ። ፓላ በዘመኑ የነበረ የሚዛን መለኪያ ነው። በሳንስክሪት ዘይት “ታይላ” የሚባል ሲሆን ቃሉ የተገኘው ሰሊጥ ከሚለው “ቲላ” ከሚባለው ቃል ነው። ይህም የሀገሩ ዘይት በመጀመሪያ ከምን ይጨመቅ እንደነበር ያመለክታል።

የውሉ ቃል በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። የሚቀርበው ዘይት ዋጋው ሳይጓደል ይቀርባል። ጊዜው ፀሐይና ጨረቃ እስካሉ ድረስ ነው። ማህበሩ ከዚያች ከተማ ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ እንኳ ግዴታው አብሮት ይሄዳል። ውሉን የሚያፈርስ ሰው ደግሞ በዘመኑ እጅግ ከባድ ተብለው በሚቆጠሩት ኃጢአቶች ተጠያቂ እንደሚሆን ተረግሟል። በመካከሉ አንድ ትልቅ ቅድመ ሁኔታ ገብቷል፤ ይኸውም ማህበሩ በአንድነት ጸንቶ እስከቆየ ድረስ የሚል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ዴቫቪሽኑ ገንዘቡን ሲሰጥ ያመነው ጂቫንታን ብቻ አይደለም። ጂቫንታ አንድ ቀን እንደሚሞት ያውቃል። ያመነው ከጂቫንታ በኋላ የሚመጡትን፣ ገና ያልተወለዱትን ዘይት ጨማቂዎች ጭምር ነው። ንጉሥ ቢለወጥ፣ ከተማው ቢፈርስ እንኳ ማህበሩ እንደሚኖር ተማምኗል። የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የአባላቱን መለያየት ነው።

ዋናው ሳይነካ በወለዱ

እንዲህ ያለው አደራ መሠረት የሚያደርገው ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ከእሱ በሚገኘው ጥቅም ብቻ ግዴታን የመወጣት አሠራር ነው። ይህ አሠራር በህንድ የጀመረው ከጉፕታ በፊት ሲሆን በምዕራብ ህንድ በናሲክ ዋሻ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ሂሳቡን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። በ120 ዓ.ም. አካባቢ ኡሻቫዳታ የተባለ የንጉሥ አማች 3,000 የብር ሳንቲም በሁለት የሸማኔ ማህበራት ዘንድ አስቀመጠ። 2,000ው በአንደኛው ማህበር ዘንድ በወር አንድ በመቶ፣ 1,000ው በሌላው ማህበር ዘንድ በወር ሦስት ሩብ በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ነበር።

የመጀመሪያውን ብንወስድ፣ ከ2,000 ሳንቲም በወር 20፣ በዓመት 240 ሳንቲም ወለድ ይገኛል። ስጦታው የታሰበው በዋሻው ለሚኖሩ 20 መነኮሳት ልብስ መግዣ ሲሆን ለእያንዳንዱ በዓመት 12 ሳንቲም ነው። 20 ጊዜ 12 ደግሞ 240 ይሆናል። ሂሳቡ አንድ ሳንቲም አይተርፈውም፣ አንድ ሳንቲም አይጎድለውም። ሁለት ሺው ሳንቲም እንዳይመለስ፣ ወለዱ ብቻ እንዲበላ በድንጋይ ተጽፏል።

ከዚህ የምንረዳው ማህበራቱ ከምርት ሥራቸው በተጨማሪ የዛሬ ገንዘብ ቁጠባና ብድር ማህበራት የሚሠሩትን የሚመስል ሥራ ይሠሩ እንደነበር ነው። ሸማኔዎቹ ገንዘቡን ክርና መሣሪያ ለመግዛት ያውሉታል፣ ከሽያጩ ወለዱን ይከፍላሉ። ዋናውን ቢበሉት ግን በቀጣዩ ዓመት መነኮሳቱ ያለ ልብስ ይቀሩ ነበር፤ የማህበሩም ስም ከውሉ ጋር በድንጋይ ላይ ስላለ ማንም አላፊ አግዳሚ ያነብበዋል።

ከላታ የተሰደዱት ሐር ሸማኔዎች

ሌላው ታዋቂ ማስረጃ በዛሬው ማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ማንድሶር ከተባለች ከተማ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ነው። በቀድሞ ስሟ ዳሻፑራ ትባል ነበር። በጽሑፉ መሠረት ላታ ተብሎ ይጠራ ከነበረው የደቡብ ጉጃራት አካባቢ የሐር ሸማኔዎች ማህበር አባላት ከነቤተሰባቸው ተነስተው ወደ ዳሻፑራ ፈለሱ። የአካባቢውን ገዥዎች መልካም አስተዳደር ሰምተው እንደመጡም ይናገራል።

አዲስ ሀገር ከገቡ በኋላ ሁሉም በሽመና አልቀጠሉም። ከፊሎቹ ቀስተኛ፣ ከፊሎቹ ኮከብ ቆጣሪ፣ ከፊሎቹም ተረት አዋቂና የሃይማኖት ሰዎች ሆኑ። ሙያቸው ቢለያይም ማህበራቸው ግን አልፈረሰም። በ436 አካባቢ በኩማራጉፕታ ዘመን በጋራ ገንዘባቸው ትልቅ የፀሐይ ቤተ መቅደስ አሠሩ። ከጊዜ በኋላ የቤተ መቅደሱ አንድ ክፍል ፈረሰ። በ473 ይኸው ማህበር እንደገና ገንዘብ አዋጥቶ አደሰው። በሁለቱ ሥራዎች መካከል 37 ዓመት አለፈ። የመጀመሪያውን ያሠሩት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በሕይወት ባይኖሩም ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ሥራ ለመጠገን አንድ ላይ መቆም ችለዋል። ታሪኩን እንዲጽፍላቸው ያደረጉትም ቫትሳባቲ የተባለውን ባለቅኔ ነው።

የመሬት ጉዳይ በሸንጎ

ማህበራት በአስተዳደርም ድርሻ ነበራቸው። በ1915 በቤንጋል በዳሞዳርፑር፣ በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ የተገኙ አምስት የመዳብ ሰሌዳዎች ከ443 አካባቢ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል በአንድ ወረዳ መሬት እንዴት ይሸጥ እንደነበር ያሳያሉ። የወረዳው ሹም ብቻውን አይወስንም። አብረውት የሚቀመጡ አራት ሰዎች አሉ። እነሱም የከተማው ገንዘብ ነጋዴዎች አለቃ፣ የሲራራ ነጋዴዎች ተወካይ፣ የእጅ ባለሙያዎች አለቃና ዋናው ጸሐፊ ናቸው።

መሬት የሚፈልግ ሰው ለሸንጎው ያመለክታል። የመዝገብ ጠባቂዎች መሬቱ ጠፍ መሆኑንና በሌላ ሰው አለመያዙን ያጣራሉ። ዋጋው በአካባቢው ልማድ የታወቀ ሲሆን በአንዳንዶቹ ሰሌዳዎች ለአንድ ኩልያቫፓ መሬት 3 ዲናራ የወርቅ ሳንቲም ነው። ከዚያ የመንደሩ ሽማግሌዎችና ገበሬዎች ባሉበት መሬቱ በመቃ ይለካል። ኩልያቫፓ ማለት አንድ ኩልያ እህል የሚዘራበት መሬት ማለት ነው። በሀገራችን ገበሬ መሬቱን “የአንድ ቁና ዘር” ብሎ እንደሚገምተው የቤንጋል ገበሬም መሬቱን የሚያውቀው በሚዘራበት እህል ነበር።

በቢሃር በቫይሻሊ ከተማ ደግሞ የገንዘብ ነጋዴዎች፣ የሲራራ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች በጋራ የተጠቀሙባቸው ከ200 በላይ የጭቃ ማህተሞች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ሦስቱ ወገኖች በአንድ ማህተም መሥራታቸው የዛሬዎቹን ዩኒየኖች የሚያስታውስ ነው።

ሁለት ጊዜ የተደረመሰው ግድብ

የዘመኑን የጋራ ሀብት አያያዝ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የሱዳርሻና ሐይቅ ነው። በጉጃራት በጂርናር ተራራ ሥር፣ በጁናጋድ ከተማ አጠገብ የሦስት ዘመን ጽሑፍ የተቀረጸበት አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ። ግድቡን መጀመሪያ ያሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የማውርያው ንጉሥ ቻንድራጉፕታ አገረ ገዥ ፑሽያጉፕታ ነው። በንጉሥ አሾካ ዘመን ቱሻስፋ የተባለ ሹም ቦዮች ጨመረለት።

በ150 ዓ.ም. በከባድ ዝናብና ጎርፍ ግድቡ ተደርምሶ 420 ክንድ ርዝመት ያለው ክፍተት ተፈጠረ። የንጉሥ ሩድራዳማን አማካሪዎች ክፍተቱ ስለተለቀባቸው ጥገናውን ተቃወሙ፤ ሕዝቡም ተስፋ ቆርጦ ጮኸ። ሱቪሻካ የተባለው አገረ ገዥ ግን ሥራውን ተረክቦ ግድቡን ከቀድሞው ሦስት እጥፍ አጠናክሮ ሠራው። ጽሑፉ አጥብቆ የሚናገረው ወጪው ከንጉሡ ግምጃ ቤት መውጣቱን፣ ሕዝቡም በግብርም ሆነ በግዳጅ ሥራ አለመጨነቁን ነው።

ከ300 ዓመት በኋላ፣ በ455 ስካንዳጉፕታ በነገሠበት ሰሞን፣ በክረምት ሌሊት ግድቡ እንደገና ተደረመሰ። የአካባቢው ሰዎች ምን እናድርግ እያሉ ተጨነቁ። የአገረ ገዥው የፓርናዳታ ልጅ ቻክራፓሊታ በቀጣዩ ዓመት በሁለት ወር ሥራ 100 ክንድ ርዝመት፣ 68 ክንድ ስፋትና የሰባት ሰው ቁመት ከፍታ ያለው ግድብ አሠራ። ዛሬ ሐይቁ የለም፤ ጽሑፉን የያዘው ቋጥኝ ግን አለ። ከቋጥኙ የሚነበበው ዋና ነገር ግድብ መሥራት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ከ700 ዓመት በላይ ያኖረው በየጊዜው የጠገነው ሰው መሆኑን ነው።

ድክመታቸውና ማብቂያቸው

የእነዚህን ማህበራት ጠንካራ ጎን ብቻ ማውራት ግን ታሪኩን ማጉደል ይሆናል። አባልነት በአብዛኛው በትውልድና በሙያ የተወሰነ እንጂ ዛሬ እንደምናውቀው ለማንኛውም ፈቃደኛ ሰው ክፍት አልነበረም። ፋሺያን ራሱ ቻንዳላ ተብለው የሚጠሩ ሰዎች ከከተማ ውጭ ተለይተው ይኖሩ እንደነበርና ወደ ገበያ ሲገቡ ሰው እንዳይነካቸው እንጨት እየመቱ ራሳቸውን ያሳውቁ እንደነበር ጽፏል። ገበሬውም ቢሆን በአንዳንድ አካባቢዎች የግዳጅ ሥራ ነበረበት። ነገሥታቱ መሬትን ለካህናትና ለቤተ መቅደስ በስጦታ እየሰጡ ሲሄዱ በመሬቱ ላይ ያለው ገበሬ ግብሩን ለአዲሱ ባለ መሬት መክፈል ግድ ሆነበት። ለገበሬ የጋውታማ ሕግ ደንብ የማውጣት መብት ቢሰጠውም ከዘይት ጨማቂዎቹና ከሸማኔዎቹ ጋር የሚወዳደር የገበሬ ማህበር የውል ሰሌዳ ብዙም አልተገኘም። ተደራጅቶ የተገኘው ባለሙያው ሲሆን ሸክሙን ብቻውን የተሸከመው ገበሬው ነበር።

በ5ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሁኖች የተባሉ ወራሪዎች ከሰሜን ምዕራብ ተነሱ። ስካንዳጉፕታ መልሷቸው ነበር። ሆኖም የጦርነቱ ወጪ ግምጃ ቤቱን ጎዳው፤ የወርቅ ሳንቲሞቹም የወርቅ ይዘት እየቀነሰ ሄደ። ከ500 አካባቢ በኋላ ሁኖች በምዕራቡ ክፍል ገቡ፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽም የጉፕታ መንግሥት አከተመ። የሩቅ ንግዱ ሲዳከም ገበያቸውን በሩቅ ንግድ ላይ የመሠረቱ ማህበራት አብረው ተዳከሙ።

ለዛሬው ማህበርተኛ

ሽሬኒዎች የዛሬው ዓይነት የህብረት ሥራ ማህበራት አልነበሩም። አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው መርህ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነው አባልነትና የሴቶች ተሳትፎ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ናቸው። በዚህ ረገድ የዛሬው አርሶ አደር ከኢንድራፑራው ዘይት ጨማቂ የተሻለ መሠረት አለው።

ያም ሆኖ ከእነሱ የሚወሰዱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ውላቸውን በጽሑፍ፣ ያውም ሁሉ በሚያየው ቦታ ማስፈራቸው ነው። የማህበር ሂሳብ በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ብቻ ተቆልፎ የሚቀር ከሆነ አባሉ የሚጠይቀው ነገር ያጣል። ሁለተኛው፣ ዋናውን ገንዘብ አለመንካታቸው ነው። መጠባበቂያውን ዛሬ በትርፍ ክፍፍል መልክ የበላ ማህበር ዝናብ በጠፋበት ዓመት ለአባሉ ማዳበሪያና ዘር የሚገዛበት አይኖረውም። ሦስተኛው፣ የሠሩትን መጠገናቸው ነው። መጋዘን፣ ወፍጮና ትራክተር በምረቃው ቀን አዲስ ናቸው፤ የማህበሩ ጥንካሬ የሚታየው ግን እንደ ማንድሶር ሸማኔዎች ከ37 ዓመት በኋላ ሲፈርስ የሚጠግነው ሰው ሲገኝ ነው።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው የሀገራችን አባባል በሃምሳዎቹ ሰዎች መካከል መተማመን መኖሩን አስቀድሞ የሚያስብ ነው። ዴቫቪሽኑም በ465 ገንዘቡን ለዘይት ጨማቂዎቹ ሲሰጥ በውሉ ውስጥ “በአንድነት እስከቆዩ ድረስ” የሚለውን ሐረግ ያስገባው ለዚህ ነው። ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማህበራት የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ ከተሸጠው ኩንታልና ከተገኘው ትርፍ ጋር አብሮ ሊቆጠር የሚገባው ይህ ነው። ለአባላቱ የተገባው ቃል እንደዚያ በየቀኑ እንደሚቀርበው ሁለት ፓላ ዘይት ዘንድሮም ሳይጓደል ቀርቧል ወይ? ለመጪው ዓመትስ የሚያቀርበው ማነው?